ባዶ መፈልፈያ ለምን ይሞቃል

የባሌ አርባ ወጥቶ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ፣ የቤታችን ካርታ በቦታው መኖሩን ለማየት ወደ ሥራ ክፍሉ ገባሁ። ካርታው ከነፖስታው በቆርቆሮ ሳጥኑ ውስጥ ነበር። ልወጣ ስል እጄ ሳላስበው የእንቁላል መፈልፈያው መስተዋት ላይ ዐረፈ። መስተዋቱ ይሞቅ ነበር። ሰው ተቀምጦበት አሁን የተነሣ ወንበር እንደሚሞቀው ዓይነት።

ክፍሉን ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ቆልፌዋለሁ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ከማተቤ ጋር ነው የሚውለው። መፈልፈያው ባዶ ነው፤ ውስጡ ያለው አምፖልም በዚያ ሰዓት አይበራም ነበር። ታዲያ ማን አሞቀው?

ስለ መፈልፈያው ትንሽ መናገር አለብኝ። ባሌ ዲላ ውስጥ የፊዚክስ መምህር ነበር። ልጅ አልወለድንም። ጡረታው ሲቃረብ ጫጩት መፈልፈል አማረው። ከኮምፔንሳቶ ሳጥን ሠራ፣ ፊቱን መስተዋት አደረገለት፣ ውስጡ አምፖልና ትንሽ ማራገቢያ ሰቀለ፣ እንቁላሎቹን በየሰዓቱ የምታገላብጥ ሞተር አበጀ። አምፖሉ ሙቀቱ ሲበቃ ይጠፋል፣ ሲቀንስ ይበራል። ለዚህ ሁሉ አዛዥ ያደረጋት ከአዲስ አበባ ያስመጣት መዳፍ የማትሞላ ኮምፒውተር ነበረች። ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው የምትሠራው ይለኝ ነበር። እኔ የማውቀው ሥርዓቷ ግን አንድ ብቻ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ትሞታለች፣ መብራት ሲመጣ ደግሞ ባሌ ሄዶ እስኪያዛት ድረስ ዝም ብላ ትቀመጣለች።

ዲላ ውስጥ መብራት ምን ያህል እንደሚጠፋ የኖረበት ያውቀዋል። ሲያስገመግም ይጠፋል፣ ንፋስ ሲነሣ ይጠፋል፣ ምንም ሳይሆንም ይጠፋል። ሲመለስ ባሌ ከምግብ ላይ ተነሥቶ ይሄድ ነበር። "ልቀስቅሳት" ይላል። ስክሪኑን ያበራል፣ ጥቁሩ ገጽ ላይ አንድ መስመር ትዕዛዝ ይጽፋል፣ አምፖሉ ቦግ ይላል። እንጀራው ይደርቃል። እኔ የቢሮ ጸሐፊ ነኝ፤ ከታይፕ ማሽን ጀምሮ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በጣቶቼ ነው፣ ጣቶቹ የሚጽፉትን ከበሩ ላይ ሆኜ ማንበብ እችል ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እሱ ሳያዝ የበራ አምፖል አንድም ቀን አላየሁም።

ሲታመም ታላቅ እህቱ ከገደብ ወረዳ መጣች። እኔ ቢሮ ስውል እሷ ታስታምመዋለች። የኔ ወላጆች ከደጋው አገር መጥተው ዲላ ሱቅ የከፈቱ ሰዎች ናቸው፤ እሷ የጌዴኦ ልጅ ናት፣ ጸሎት ቤት ነው የምትሄደው። በእምነቷ አርባ የሚባል ነገር የለም። ቢሆንም በአርባው ቀን ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሽንኩርት ስትልጥ ዋለች። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔን "ብላ እንጂ፣ አንተ ከሳህ" ትለኛለች። ለቀስተኛው ሁሉ ሲሄድ ትሄዳለች ብዬ ስጠብቅ፣ ጨርቋን ከጓዳ አላነሣችም።

"አንተ ብቻውን እንዴት ያድራል?" አለችኝ። "እኔ አለሁ።"

ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬ የቆየው መስተዋቱን እስክነካ ድረስ ነው።

በባሌ የመጨረሻ ወራት እሷ ከገደብ ባመጣቻቸው እንቁላሎች አንድ ዙር ተፈልፍሎ ነበር። እሱ ያን ጊዜ ከአልጋ መነሣት እያቃተው ነበር፤ እኔ ደግሞ ቢሮ ነኝ። መብራት ሲመጣ ማሽኗን ማን እንደሚያዛት ጠይቄ አላውቅም። ለእህቱ አስተምሯታል ብዬ ገምቼ ዝም አልኩ። እናም ያን ቀን መስተዋቱ ፊት ቆሜ ያሰብኩት ይህንኑ ነው፤ ያችን ማሽን መቀስቀስ የሚችል በዚህ ቤት ከኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ አለ። የክፍሉ የራሱ አምፖል ከተቃጠለ ቆይቷል፤ መስኮቱም በወፍራም መጋረጃ ተሸፍኗል። እዚያ ገብቶ ወረቀት ማንበብ የፈለገ ሰው መፈልፈያውን ከማብራት ሌላ መንገድ የለውም።

ሱቅ ላላት ጎረቤቴ ነገርኳት። አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የምንሳለመው፣ እናቶቻችንም ይተዋወቁ ነበር።

"ካርታው በማን ስም ነው?" አለችኝ ስኳር እየሠፈረች።

"በሱ።"

"ልጅ የለሽም።"

"የለኝም።"

"እንግዲህ።" ስኳሩን በላስቲክ ቋጠረችው። "እኔ ሰው አላማም። ግን አስታማሚ ከቀብር በኋላ የሚቀመጠው ማንን ሊያስታምም ነው?"

"ኧረ ደግ ሰው ናት።"

"ክፉ ናት አልኩ እንዴ? ደግ ሰውም ቁልፍ ያስቀርጻል፣ እህቴ።"

ከዚያ ቀን በኋላ ያ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። ከነጠላዬ አንድ ክር መዝዤ በበሩና በመቃኑ መሃል አጋደምኩ። ከቢሮ ስመለስ ክሩ እንዳለ ነው፤ መፈልፈያው ግን ሞቋል። ክሩን አይታ አንሥታ መልሳ አስቀምጣዋለች አልኩ። ፖስታውን ከፈትኩ፤ ካርታው አለ። ፎቶ ኮፒ አስነሥታ መልሳዋለች አልኩ። አንዳንድ ቀን ደግሞ መፈልፈያው ቀዝቅዞ አገኘዋለሁ። ዛሬ ፈርታለች አልኩ።

ፍርድ እንዳላጎድል ብዬ ግን አንድ ፈተና አደረግሁ። ቅዳሜ ነበር፤ መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። እሷ ጓሮ ልብስ ታጥባለች። እኔ ሥራ ክፍሉ ገብቼ በባሌ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና መብራት እስኪመጣ ጠበቅሁ። ማሽኗ በራሷ የምትነሣ ከሆነ በዓይኔ ላየው ፈለግሁ። ከብዙ ጥበቃ በኋላ የጎረቤት ራዲዮ ጮኸ፣ የኛ ማቀዝቀዣ አጉረመረመ። የማሽኗ ትንሽ ቀይ መብራት ታየች። አምፖሉ ግን ጨለማ ነው። እናቴ እንቁላል የምትቀቅለው ጸሎት እየቆጠረች ነበር፤ እኔም በዚያው ልማድ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ተከትሎ የሚባለውን የእመቤታችንን ጸሎት አልደገምኩም። ልቤ ተቆጥቶ ነበርና በዚያ ልብ እሷን መጥራት አልወደድኩም። አምፖሉ አልበራም። ተነሣሁ፣ ቆለፍኩ፣ ወጣሁ።

ራት ሳይቀርብ ተመልሼ ስገባ መስተዋቱ ይሞቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀረኝ ማስረጃ መሰብሰብ ብቻ መሰለኝ። ባሌ ማሽኗ በታዘዘች ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን በአንድ ፋይል እንድትመዘግብ አድርጓት ነበር፤ ሲከፍተው አይቻለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስክሪኑን አብርቼ እሱ ይጽፍ የነበረውን ጻፍኩ። ፋይሉ ተከፈተ። ከሞተበት ቀን ወዲህ ሃያ ሦስት መስመር አለ። በባሌ ክፍል ውስጥ፣ በባሌ ወንበር ላይ፣ ሃያ ሦስት ጊዜ የሌላ ሰው እጅ ሠርቷል ማለት ነው።

ደብተር አመጣሁ። በአንድ በኩል የማሽኗን ቀንና ሰዓት ወደኛ አቆጣጠር እየመለስኩ ጻፍኩ፣ በሌላ በኩል እኔ በዚያ ሰዓት የት እንደነበርኩ። ማክሰኞ አራት ሰዓት፤ ቢሮ። ሐሙስ ስምንት ተኩል፤ ቢሮ። እሑድ ሁለት ሰዓት፤ ቅዳሴ። እሑድ እሷም ጸሎት ቤት እሄዳለሁ ብላ ወጥታ ነበር። ግን መውጣቷን እንጂ መድረሷን ማን አየ? የመጨረሻው መስመር ረቡዕ ይላል። ማሽኗ በዚያች ደቂቃ ከፊቴ እየሠራች፣ አምፖሉ እያየሁት በርቶ እየጠፋ፣ ለዚያ ቀን የተጻፈ መስመር ለምን እንደሌለ አልጠየቅሁም። የምፈልገውን ካገኘሁ በኋላ ሌላ ነገር መጠየቅ አልቻልኩም።

ሰኞ ጠዋት ከቢሮ ቀረሁ። እሷ ደጃፉ ላይ ዝቅተኛ ዱካ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች።

"የሥራ ክፍሉን ቁልፍ ስጪኝ" አልኳት። እትዬ ማለቱን ትቼው ነበር።

"ቁልፍ አንተ አንገት ላይ ነው።"

"ሌላውን።"

"ሌላ የታለ?"

"ባለፈው ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ የት ነበርሽ?"

"እዚህ።"

"ሐሙስስ? ስምንት ተኩል ላይ?"

"እዚህ። አንተ ቢሮ ሲሄድ እኔ የት ይሄዳል?"

ደብተሩን ከፍቼ አነበብኩላት። ሃያ ሦስቱንም። ጎመኑን ጉልበቷ ላይ እንደያዘች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"ጨረስክ?"

"ጨረስኩ።"

"እኔ የወንድሜ ካርታ ምን ይሠራልኛል? ቡና አለኝ። እንሰት አለኝ። ቤት አለኝ።"

"ያለው ሰው ይጨምራል እንጂ ይበቃኛል አይልም" አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ድምፄ የጎረቤቴን ድምፅ መሰለኝ።

ጎመኑን ሰፌድ ላይ አኖረችና ጓዳ ገባች። ስትወጣ ጨርቋን በአንድ ነጠላ ቋጥራ ይዛለች። በር ላይ ስትደርስ ግን አልተሻገረችም። ቋጠሮውን መሬት አኖረችና ፈታችው።

"ፈትሽ" አለችኝ።

አያስፈልግም ማለት ነበረብኝ። ግን ጎንበስ ብዬ ፈተሽኩ። ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሹራብ፣ ማበጠሪያ፣ በላስቲክ የተለበጠ መጽሐፍ ቅዱስ። ካርታ ተጣጥፎ በመጽሐፍ ገጾች መሃል ሊቀመጥ ይችላል ብዬ መጽሐፉን ገልብጬ አራገፍኩት። አንድ ጉርድ ፎቶ ወደቀ። ባሌ ነው፣ በተማሪነቱ። ጎንበስ ብላ አነሣችው፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገችው፣ ገጹን ፈልጋ መለሰችው። ከዚያ ቋጠረችና ሄደች። መኪና ድረስ አልሸኘኋትም።

ሐሙስ ዕለት ከቢሮ ስመለስ መፈልፈያው ይሞቅ ነበር።

ከገደብ ተመልሳ ነው ልል ፈለግሁ። ከዚያ ፊቴን ወደ ጎረቤቴ አዞርኩ፤ ቁልፍ ማስቀረጽን ያነሣችው እሷ አይደለችም? ስኳር ከሌላ ሱቅ መግዛት ጀመርኩ። ቅዳሜ የበሩን ቁልፍ ከነጋኑ አስቀየርኩ። ሰኞ ሞቋል። ያን ጊዜ የምጠረጥረው ሰው አለቀብኝ፤ የቀረው ሰው ደግሞ መሬት ውስጥ ነው። ይህን ማሰብ ስጀምር ነው ወደ ትምህርት ቤቱ የሄድኩት። ከባሌ ጋር ይሠራ የነበረ የኮምፒውተር መምህር አለ፤ ማሽኗንም በመጀመሪያ ሲገጣጥሟት አብሮት ነበር። ነገሩን ሳልዘረዝር ቤት እንዲመጣ ለመንኩት።

መጣ። እኔ በሩን ይዤ ቆሜ ነገርኩት፤ ሙቀቱን፣ ክሩን፣ ቁልፉን። ፈገግ አለ።

"እትዬ፣ ማሽኗ እኮ ራሷ ናት የምትነሣው።"

"አትነሣም። ፈትኛታለሁ። እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ መብራት ሲመጣ አይቻታለሁ።"

"ምን ያህል ጠበቁ?"

"አንድ አቡነ ዘበሰማያት።"

"ይቅርታ፣ እኔ ጸሎቱን አላውቀውም፤ ስንት ደቂቃ ይሆናል?"

እንደዚያን ቀን አድርጌ ደገምኩለት፤ እሱ ስልኩን ያያል። ስጨርስ "ግማሽ ደቂቃ" አለ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ፤ ፊቴን አይቶ ይሆናል።

እንዲህ ነበር ነገሩ። ባሌ ከአልጋ መነሣት ሲያቅተው ይህን መምህር ጠርቶት ነበር። ማሽኗ መብራት አግኝታ በተነሣች ቁጥር ያንን ትዕዛዝ ሰው ሳይጽፍላት ራሷ እንድትፈጽመው ነው የፈለገው። መጀመሪያ ሲሞክሩት አልሆነም፤ ትዕዛዙ ቀድሞ እየደረሰ ሌላው ክፍሏ ገና ያልነቃ ይሆናል። መብራቱ ደግሞ ሲመለስ ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ ድርግም ሳይል አይረጋም፤ አንድ አምፖል በዚሁ ተቃጠለባቸው። ስለዚህ ባሌ "ነቅተሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ ጠብቂ፣ ከዚያ ጀምሪ" ብሎ እንዲጽፍላት አደረገ። እሷም እንደታዘዘችው ትጠብቃለች። የእመቤታችንን ጸሎት ሳላስቀር ቀስ ብዬ ደግሜ ቢሆን ኖሮ፣ ጥቂት ብቆይ ኖሮ፣ አምፖሉ ዓይኔ እያየ ይበራ ነበር።

"ለእህቱ ለምን አላስተማራትም?" አልኩት።

"ብዬው ነበር። አይሆንም አለኝ። 'የነካችው ሁሉ የሚበላሽ ይመስላታል፤ እዚህ ክፍል ስትገባ እጇን ኋላዋ አጣምራ ነው' አለኝ። እሱ ወደዚህ ሊመጣ ሲነሣ እየወደቀ ግን አስጨነቃት። ለሷ ሲል ነው ያደረገው።"

"ለኔስ ለምን አልነገረኝም?"

መምህሩ ወደ ማሽኗ ዞረ። "ሊያስገርምዎት ነበር። መብራት ሲመጣ እሱ ከራቱ ሳይነሣ እርስዎ 'ሂድ እንጂ ቀስቅሳት' እስኪሉት ድረስ ቁጭ ሊል።"

ከዚያ ወዲህ ባሌ ከኔ ጋር ለራት አልተቀመጠም። በማንኪያ ነበር የማጎርሰው።

ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ መደበቅ አልቻልኩም። ገለጥ ገለጥ አደረገና አንድ መስመር ላይ ጣቱን አኖረ።

"እነዚህ ቀኖች እውነተኛ አይደሉም፣ እትዬ። የዚች ሰዓት ባትሪ የለውም። መብራት ሲጠፋ ሰዓቷም ይቆማል፤ ስትነቃ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ጋሼ በጤናው ጊዜ በየጊዜው በእጁ ያስተካክልላት ነበር። አሁን ዛሬ ቀኑ ማን እንደሆነ አታውቅም። ማክሰኞ ስትል ዓርብ ሊሆን ይችላል።"

በዚያ ደብተር ሰው ፊት ቆሜ ቀን ቆጥሬያለሁ። በዚያ ደብተር የሰው መጽሐፍ ቅዱስ አራግፌያለሁ።

"ላጥፋት?" አለኝ።

"ተዋት" አልኩት።

ቅዳሜ ወደ ገደብ ተሳፈርኩ። ደብተሩን ይዤዋለሁ። የለቀማ ወቅት ስለነበረ መንገዱ ግራና ቀኝ ቡና ነው፤ በአሪቻ በኩል ሴቶች የቡና ማድረቂያ አልጋዎቹን ከበው ይለቅማሉ። ይርጋጨፌ ላይ ሰው ሲወርድና ሲወጣ እኔ የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነበር። ስደርስ ከተዘጋጀው ውስጥ የተረፈኝ ነገር የለም።

እንሰቱ መሃል አገኘኋት። ሰላም አለችኝ፤ ግን ግቢ አላለችኝም። በርጩማ አውጥታ ደጅ አኖረችልኝ፣ ውኃ በኩባያ ሰጠችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ደቂቃውን፣ ጸሎቱን፣ የቆመውን ሰዓት። ሳይነግራት ወንድሟ ለሷ ሲል ያደረገውንም። እዚህ ላይ ፊቷን ወደ ዶሮዎቹ አዞረች። ደብተሩን ሰጠኋት። አማርኛ ታነባለች፤ ቀስ ብላ ነው። ገጾቹን ቆጠረች።

"ይሄ ሁሉ እኔ ነው?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ሲማር አንድ ደብዳቤ ነው የጻፈልኝ። አንተ ደብተር ሞላህልኝ።"

ልስቅ ነበር፤ ግን አልቅሼ እግሯ ላይ ልወድቅ ጎንበስ አልኩ። ክንዴን ያዘችኝ።

"ተው፣ መሬት ጭቃ ነው። ቀሚስ ይበላሻል።"

"ተመለሽልኝ። ከኔ ጋር ነይ።"

"ቂም የለኝም" አለች። "ግን አልመጣም። እኔ ቤትህ ይገባል፣ አንድ ቀን ሌላ ነገር ይሞቃል፣ አንተ ደግሞ እኔን ያያል።"

"አላይሽም።"

"ታያለህ። አንተ ሰው ነህ፤ ማሽን አይደለህም።"

ተነሥቼ ልሄድ ስል ወደ ቤት ገብታ ቅርጫት ይዛ ወጣች። ገለባ ተጎዝጉዞበት ዐሥራ አምስት እንቁላል።

"ባዶ ሳጥን ማሞቅ ምን ያደርጋል? ይህን አስገባ። ጫጩት ሲወጣ ደውል፤ እመጣለሁ።"

"ካልወጣስ?"

"ካልወጣ የተበላሸ እንቁላል ሰጠችኝ ብለህ ጎረቤት ታማኛለህ።"

ቅርጫቱን ጉልበቴ ላይ ይዤ ተመለስኩ። ይርጋጨፌ ሳልደርስ ያሰብኩትን ልናዘዘው፤ ዶሮዎቿ መሃል አውራ ዶሮ አይቻለሁ? ላለመምጣት ሰበብ እንዲሆናት አውራ ያልነካው እንቁላል ሰጥታኝ ቢሆንስ? ዐይኔን ጨፈንኩ። ጥርጣሬው ግን ዐይን ሲጨፈን አይጠፋም፤ እስከ ዲላ አብሮኝ ተጓዘ።

በሰባተኛው ቀን ባሌ ያደርግ እንደነበረው እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አነሣኋቸው። በዐሥራ ሁለቱ ውስጥ ቀይ የደም ሥር ተዘርግቷል። በራሴ አፈርኩ፤ ደስም አለኝ። ቀኑን የቆጠርኩት በማሽኗ አይደለም፤ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ በእርሳስ እየሰረዝኩ ነው። አንድ ቀን መብራት ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠፋ። ሙቅ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ በሳጥኑ ውስጥ ደረደርኩ፣ ከላይ ጋቢ ደረብኩበት፣ በየጊዜው ቀየርኩት። መብራቱ ሲመጣ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። የእመቤታችንንም ደገምኩ። ሁለቱንም እንደገና ጀመርኩ፤ ስደጋግመው ሳልጨርስ አምፖሉ ቦግ አለ። በዚያ ክፍል ከኔ በቀር ማንም አልነበረም።

ዘጠኝ ጫጩት ወጣ። ደወልኩላትና ስልኩን ወደ መስተዋቱ አስጠጋሁት።

"ይሰማል" አለች። "ስንት?"

"ዘጠኝ።"

"እኔ የሰጠሁት ዐሥራ አምስት ነው።"

"ዘጠኝ ነው የወጣው፣ እትዬ።"

"ሌላውን በላህ?"

በሳምንቱ መጣች። በር ላይ ስትደርስ ያንኑ ነጠላ፣ ያንኑ ቋጠሮ መሬት አኖረችና ጫፉን መፍታት ጀመረች። "ና ፈትሽ" አለችኝ፤ ዐይኗ ግን ይስቅ ነበር። እኔ ሁለት እጄን ወደ ኋላዬ አጣመርኩ። አየችኝ። ቋጠሮውን መልሳ አሠረችው፣ ገባችም።

ይህ ካለፈ ዓመታት ሆነዋል። ጎረቤቴ ዘንድ ስኳር እገዛለሁ፤ ስለ ሰው ግን አላወራትም። የሥራ ክፍሉ በር አይቆለፍም። እኔ ግን ተለወጥኩ አልልም። አንዳንድ ቀን ከቢሮ ስገባ ልቤ ሲከብደኝ ወደዚያ እገባና የቆርቆሮውን ሳጥን እከፍታለሁ፣ ፖስታውን በጣቴ እዳብሳለሁ። ክዳኑ ሲዘጋ ይጮኻል፤ ጓዳ ድረስ ይሰማል።

"አለ?" ትለኛለች ከጓዳ።

"አለ" እላለሁ።

"ጥሩ። ና ብላ።"